የአሮጌ ትራክተር የትውልድ ምስክሮች
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በእርሻ ክበብ ተማሪዎች የተነገረ)



ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ የአሮጌ ትራክተር ነገር ነው፤ ይኸውም ብዙ ዘመን የሠራ ትራክተር ከፋብሪካ ሲወጣ ይዞት የመጣው ዕቃ የትኛው እንደ ሆነ፤ ኋላ በሰው እጅ የተለወጠለትስ የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ነው። በበዓል ቀን ስለ ዝገትና ስለ ቡሎን መስማት ለአንዳንዱ ሰው ያስቀው ይሆናል። ነገር ግን ጉዳዩ የብረት ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰብ ጥሪት ጉዳይ ነው።

አገራችን ተልተሌ ከያቤሎ በስተ ምዕራብ የሚገኝ፤ ከብት ማርባትና እርሻ ጎን ለጎን የሚኖሩበት አገር ነው። የምናርሰው ዝናብን ተማምነን ነው። ዝናባችንም በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ ጋና በበልግ፤ ሀጋያ ደግሞ በመጸው ይመጣል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በቦረና አምስት ዝናባት በተከታታይ ከሽፈው እጅግ ብዙ ከብት እንዳለቀ ሁላችንም እናውቃለን። በሬው ያለቀበት ገበሬ ዝናቡ ሲመለስለት መሬቱን በምን ያርሳል? ዐይኑ ወደ ትራክተር መሄዱ የማይቀር ነው። አዲስ ለመግዛት ግን አቅም አይገኝም። ስለዚህ ወንድም ከወንድሙ፤ ጎረቤት ከጎረቤቱ ገንዘብ አዋጥቶ አሮጌ ትራክተር ይፈልጋል፤ ከጥፋት የተረፈችውን ጊደር የሚሸጥም አለ። ያ ትራክተር ጋና በገባ በሁለተኛው ቀን ማሳ መካከል ቢቆም፤ የመሬቱ እርጥበት መካኒክ እስኪመጣ ድረስ አይጠብቅም። ጊደሪቱም ሄደች፤ ዘሩም ቀረ ማለት ነው።

አባቶቻችን ከብት ሲገዙ አይታለሉም። የቦረና ሽማግሌ አንዲትን ላም ባየ ጊዜ ከጆሮዋ ቁርጥና ከሰውነቷ ምልክት የማን ጎሣ ከብት እንደ ሆነች ይለያል፤ ጥርሷን አይቶ ዕድሜዋን፤ አረማመዷን አይቶ ጤንነቷን ይናገራል። እኛ ልጆቻቸውም ብረትን እንዲሁ ማንበብ መማር ይገባናል። ትራክተርም የጆሮ ቁርጥ አለው፤ ጥርስም አለው፤ የሚያሳየው ግን የት እንደሚታይ ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር እንግለጽ። ዕቃ መለወጥ በራሱ ነውር አይደለም። ጎማ፣ ባትሪ፣ ፊልትሮ፣ ቺንጊያና የፍሪሲዮን ሸራ እየተበሉ የሚለወጡ ናቸው፤ ሃምሳ ዓመት የሠራ ትራክተር እነዚህን ሁሉ የፋብሪካ ናቸው ብሎ የሚሸጥ ሰው ቢኖር ሊታመን አይገባውም። ከዚህም በቀር የተተካው ዕቃ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ያው ፋብሪካ ራሱ የሠራው ነው። ሁለተኛው በፈቃድ የተሠራ ነው፤ ለምሳሌ የማሴ ፈርጉሰን ትራክተሮች በፈቃድ በዩጎዝላቪያ ተሠርተዋል፤ በሕንድ አገርም እ.ኤ.አ. በ1960 የተቋቋመው ታፌ የተባለው ኩባንያ ሲሠራቸው ኖሯል፤ ከነዚህም ብዙው ዕቃ ከእንግሊዙ ጋር ይገጥማል። ሦስተኛው መልኩን ብቻ አስመስሎ የተሠራ ነው። አራተኛው ደግሞ ከሌላ መኪና ተፈትቶ፤ በብየዳና በሞረድ ተገድዶ የገባ ነው። እንግዲህ የገዢ ጥያቄ «ተለውጧል ወይስ አልተለወጠም?» ብቻ ሊሆን አይገባውም፤ «ምን ተለወጠ? በምን ተተካ? የሚሸጠውስ ሰው ለውጡን ይነግረኛል ወይስ ይደብቀኛል?» ሊሆን ይገባዋል። በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት እናቴ ፈረስ ናት አለ ይባላል። ከበቅሎ ጥፋቱ መደባለቁ አይደለም፤ የተጠየቀውን ትቶ ያልተጠየቀውን መመለሱ ነው።

ትራክተሮቻችን እንዲህ የተደባለቁት ያለ ምክንያት አይደለም። በቀድሞው ዘመን ትራክተር የትልልቅ እርሻዎችና የባለ ርስቶች ዕቃ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ርዳታ በአርሲ የተጀመረው፤ ካዱ በሚባል ስም የታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ በነበረበት ዘመን፤ ባለ ርስቶች ትራክተር እየገዙ ጢሰኞችን ከመሬት ማስለቀቃቸው በታሪክ የታወቀ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ ትልልቆቹ የግል እርሻዎች ተወረሱ፤ ከነሱም ብዙዎቹ የመንግሥት እርሻ ሆኑ፤ መኪናዎቹም እጅ ለወጡ። እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ በናዝሬት የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተቋቁሞ ቤላሩስ የሚባለውን የሶቪየት ትራክተር መገጣጠም ጀመረ። ስለዚህ በአገራችን ሁለት የትራክተር ወገኖች ጎን ለጎን ኖሩ፤ አንዱ በኢንች የተለካ የእንግሊዝ ወገን፤ ሁለተኛው በሚሊሜትር የተለካ የሶቪየት ወገን። መለዋወጫ በጠፋ ጊዜ የቆመውን ፈትቶ የሚሠራውን ማዳን በየጋራዡ የተለመደ ዘዴ ነው። በዚህ ዓይነት ያንዱ ሞተር በሌላው ሻንሲ፤ ያንዱ ኮፈን በሌላው ላይ ገባ። ዛሬ ትራክተሩን የሚገዛው ባለ ርስት ሳይሆን ገበሬው ራሱ ስለ ሆነ፤ ይህን ታሪክ ከብረቱ ላይ ማንበብም የገበሬው ሥራ ሆኗል።

አሁን ምስክሮቹን አንድ በአንድ እንጥራቸው።

የመጀመሪያው ምስክር የቁጥር ሰሌዳው ነው። በማሴ ፈርጉሰን 35 እና 135 ላይ ይህ ትንሽ ሰሌዳ ጌጆቹ ባሉበት በክሩስኮቶው ላይ ይገኛል። ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አንድ መሆኑ ይታይ። ነገር ግን በዚህ ብቻ መርካት አይገባም፤ ክሩስኮቶው ራሱ ጥቂት ቡሎን ተፈትቶ ከነሰሌዳው ወደ ሌላ ትራክተር ሊሄድ ይችላልና። የሰሌዳው ምስማሮች ያረጁና እኩል የተመቱ ናቸው ወይስ በአዲስ ብሎን የተተኩ? ይህንም መመልከት ነው። የሞዴሉንም ዓመት ስትጠይቁ በየትኛው አቈጣጠር እንደ ሆነ ጠይቁ። ማሴ ፈርጉሰን 135 ለዓለም የታየው በፈረንጆች 1964 መጨረሻ ነው። አንድ ሰው «ይህ 135 የ1962 ሞዴል ነው» ቢላችሁ፤ በፈረንጅ ከሆነ ሊሆን አይችልም፤ በኛ አቈጣጠር ከሆነ ግን እ.ኤ.አ. 1969 ወይም 1970 ማለት ስለ ሆነ ትክክል ሊሆን ይችላል። በሰባትና በስምንት ዓመት ልዩነት ውስጥ ብዙ ክርክር፤ አንዳንድ ጊዜም ብዙ ማታለል ይደበቃል።

ሁለተኛው ምስክር ሞተሩ ነው። ማሴ ፈርጉሰን 35 በመጀመሪያ በናፍጣ ሲሠራ አራት ሲሊንደር ያለው የስታንዳርድ ኩባንያ ሞተር ነበረው፤ ከእ.ኤ.አ. 1959 ወዲህ ግን ሦስት ሲሊንደር ያለው የፐርኪንስ ሞተር ተገጠመለት። ይህን ለመለየት ሞተር መፍታት አያስፈልግም፤ ከነዳጅ ፓምፓው ወደ ሲሊንደሮቹ የሚሄዱትን ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች መቁጠር ይበቃል። ከ1959 በፊት የተሠራ 35 ሦስት ቱቦ ይዞ ከተገኘ ሞተሩ ተለውጧል ማለት ነው። የድሮው ባለ አራት ሲሊንደር በብርድ ለመነሣት ያስቸግር ስለ ነበር ብዙ ሰው አውቆ ለውጦታል፤ ስለዚህ ለውጡ ጉዳት ላይሆን ይችላል። ግን ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር መታረሙ ሊጠየቅ ይገባል። ይህ የፐርኪንስ ሞተር 152 ይባላል፤ ይዘቱ በኩቢክ ኢንች 152 ያህል፤ በሊትር ሲቈጠር 2.5 ሊትር ስለ ሆነ ነው። የሞተሩ ቁጥር የተመታበት ቦታ የፋብሪካ ልስላሴ ሊኖረው ይገባል። በሞላ የተፋቀ፤ ቁጥሮቹም አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብለው የተመቱ ከሆነ ነገሩ የመለዋወጫ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የስርቆት ጥርጣሬ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ዋጋው ምንም ቢረክስ አለመግዛት ነው።

ከሞተሩ ጋር ፓምፓውንም ተመልከቱ። ፓምፓው የራሱ ሰሌዳና ቁጥር አለው። ሁለት ፓምፓዎች በመልክ እንደ መንታ ወንድማማች ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ አንዱ ግን ለዚህ ሞተር ፍጥነትና የነዳጅ መጠን የተስተካከለ፤ ሌላው ለሌላ ሞተር የተስተካከለ ሊሆን ይችላል። ያለ ቦታው የገባ ፓምፓ ሞተሩን ጥቁር ጭስ ያስተፋዋል፤ ነዳጅም ያባክናል፤ ወይም ኀይል ያሳጣዋል።

በቤላሩስ በኩል ደግሞ አንዳንዶቹ ትራክተሮች ትልቁን ሞተር የሚያስነሣ ባለ አንድ ሲሊንደር ትንሽ የቤንዚን ሞተር ነበራቸው። ይህ ትንሽ ሞተር ተነሥቶ በምትኩ በባትሪ የሚሠራ ሞተሪኖ ገብቶ ከሆነ የቀድሞው ቦታ ምልክቱን አይደብቅም። ለውጡ በጥሩ እጅ ከተሠራ የሚጠላ አይደለም፤ ሻጩ ግን ሊናገረው ይገባል።

ሦስተኛው ምስክር በብረቱ ላይ የፈሰሰው ጽሕፈት ነው። ብረት ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ሲፈስ በቅርጹ የተቀረጹት ፊደላትና ቁጥሮች ከብረቱ ገጽ ከፍ ብለው ይወጣሉ። ይህ ቁጥር የቅርጹ ቁጥር ነው፤ በሺሕ በሚቈጠሩ ትራክተሮች ላይ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። በመዶሻ ተመትቶ ወደ ውስጥ የገባው ቁጥር ግን ብዙውን ጊዜ የአንዱ መኪና ወይም የአንዱ ሞተር ብቻ ነው። ሁለቱን ማምታታት አይገባም። የፎርድ ትራክተሮች ከዚህም በላይ የፈሰሱበትን ቀን ይናገራሉ። ለምሳሌ «5 ሲ 12» የሚል ምልክት ቢገኝ፤ 5 የዓመቱ መጨረሻ አኀዝ ነው፤ «ሲ» ከእንግሊዝ ፊደል ሦስተኛው ስለ ሆነ ሦስተኛውን ወር ማርችን ያመለክታል፤ 12 ደግሞ ቀኑ ነው። ዓመቱ 1965 ወይም 1975 መሆኑ ከትራክተሩ ዓይነት ይታወቃል። ከዚህ የሚገኘው ሕግ ቀላል ነው፤ አካል ከልጁ በፊት እንጂ ከልጁ በኋላ አይወለድም። ብረቱ ትራክተሩ ከተገጣጠመበት ቀን ጥቂት ቀደም ብሎ የፈሰሰ ከሆነ ተገቢ ነው፤ ትራክተሩ ከተገጣጠመ በኋላ የፈሰሰ ከሆነ ግን ያለ ጥርጥር ኋላ የገባ ነው።

አራተኛው ምስክር ቡሎኑ ነው። የድሮዎቹ ማሴ ፈርጉሰኖች ቡሎን በኢንች የተለካ ነው፤ የቤላሩስ ግን በሚሊሜትር ነው። በቡሎን ራስ ላይ 8.8 የሚል ቁጥር ካያችሁ የሚሊሜትር ቡሎን ነው፤ በ1960ዎቹ የእንግሊዝ ትራክተር ላይ ከተገኘ በኋላ የገባ ነው። የግማሽ ኢንች ራስ 12.7 ሚሊሜትር ስለ ሆነ በ13 ቁልፍ ስትይዙት ጥቂት ይላላል፤ የሦስት አራተኛ ኢንች ግን 19.05 ሚሊሜትር ስለ ሆነ የ19 ቁልፍ ይይዘዋል። ስለዚህ ቁልፍ መግጠሙ ብቻ አይመስክርላችሁ። ክፉው ነገር የሚሊሜትርን ቡሎን በኢንች ጥርስ ውስጥ በግድ ማስገባት ነው፤ ለጊዜው የጠበቀ ይመስላል፤ ጥርሱ ግን ተበልቶ በሥራ መካከል ይለቃል።

አምስተኛው ምስክር ቀለሙ ነው። የጥንቱ ፈርጉሰን 20 መላው ግራጫ ነበር፤ ማሴ ፈርጉሰን 35 ቀይና ግራጫ ሆኖ መጣ። ቀለም ለመመርመር የሚታየውን ሳይሆን የማይታየውን ቦታ ማየት ይሻላል፤ ከባትሪው ሥር፣ ከኮፈኑ ውስጥ፣ ከፓራፋንጎው በስተ ጀርባ። የሌላ ቀለም ከሥር ብቅ ካለ ያ ዕቃ ከሌላ ትራክተር መጥቶ ይሆናል። የጎማ ቱቦው፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውና የቁጥር ሰሌዳው ሳይቀር በአዲስ ቀለም ከተለቀለቀ ደግሞ ቀቢው ለውበት ሳይሆን ለመሸፈን መቸኮሉን ጠርጥሩ። አዲስ ቀለም ስንጥቅን ይሸፍናል እንጂ አይጠግንም።

ስድስተኛው ምስክር ኤሌክትሪኩ ነው። በብዙዎቹ የጥንት የእንግሊዝ ትራክተሮች የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ከትራክተሩ አካል ጋር ይታሰር ነበር። በዲናሞው ምትክ የዛሬ ዘመን አልተርኔተር የገባበት ትራክተር ግን ብዙውን ጊዜ ኔጋቲቩ ከአካሉ ጋር መታሰር አለበት። አልተርኔተር ማስገባት መልካም ማሻሻያ ነው፤ ነገር ግን ይህን ያላወቀ ሰው ባትሪውን እንደ ድሮው ቢያስር አልተርኔተሩ ወዲያው ይቃጠላል። እንግዲህ ለውጥ ሳይነገር ሲቀር መልካሙ ለውጥ ራሱ ጥፋት እንደሚያመጣ ከዚህ ይታያል።

ሰባተኛው ምስክር ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባን የኋላው ማያያዣ ነው፤ እዚህ ላይ ገንዘብ ሳይሆን ነፍስ አለና። ማረሻ የሚያያዝባቸው የታችኛዎቹ ክንዶች በልክ የተሠሩ ናቸው፤ ለትናንሾቹ ትራክተሮች የሚሆነው ፒን 22 ሚሊሜትር፤ ለመካከለኞቹ የሚሆነው 28 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። ከተለያዩ ትራክተሮች ተለቅመው የገቡ ክንዶች ማረሻውን ያጣምማሉ። ከዚህ የከፋው ግን መጐተቻውን ከኋላ አክስል ከፍ አድርጎ መበየድ ነው። ትራክተሩ ከከፍታ ላይ ሲጐትት ፊቱ ከመሬት ይነሣና ወደ ኋላ በሹፌሩ ላይ ሊገለበጥ ይችላል፤ አሮጌዎቹ ትራክተሮች ደግሞ ሹፌሩን ከመጨፍለቅ የሚያድን የብረት ከለላ አብዛኛውን ጊዜ የላቸውም። እንዲሁም ለመውቂያና ለፓምፕ ኀይል የሚሰጠው የኋላው ዘንግ በደቂቃ 540 ጊዜ ይሽከረከራል፤ ይህም በሰከንድ ዘጠኝ ዙር ማለት ነው። የፋብሪካው ክዳን ወልቆ ከቀረ ነጠላም ሆነ ሽርጥ ጫፉ አንድ ጊዜ ከተያዘ ሰው እጁን እስኪሰበስብ ድረስ አይጠብቅም። ከክንዶቹና ከዘንጉ ወዲያ አራቱም ጎማ በሚነዳበት ትራክተር ላይ የፊቱና የኋላው ጎማ ልክ ተዛማጅ መሆኑ ይታይ፤ ካልተዛመደ ማርሾቹ እርስ በርሳቸው እየተጓተቱ ይበላሉ።

እነዚህን ሰባት ምስክሮች ከሰማን በኋላ ፍርዱ በሦስት ይከፈላል። ወንበር፣ መብራት፣ ማርሚታና ቀለም ቢለወጡ ዋጋን ለመከራከር እንጂ ለመሸሽ ምክንያት አይሆኑም። ሞተር፣ ፓምፓና አልተርኔተር ተለውጠው ከሆነ፤ ሥራው በማን እጅ እንደ ተሠራና መለዋወጫው ከየት እንደሚገኝ ጠይቆ፤ በቂ መልስ ሲገኝ መግዛት ይቻላል። የተፋቀ ቁጥር፣ የተበየደ የፊት አክስል፣ የተሰነጠቀ የካምቢዮ ቤትና ከፍ ብሎ የተበየደ መጐተቻ ያለው ትራክተር ግን በቅናሽ ዋጋም ቢሆን ውድ ነው።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ ከእናንተ ሁለት ነገር እንለምናለን። አንደኛው፤ ትራክተር ለመግዛት ስታስቡ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ልጅ የእንግሊዝኛውን ፊደል ያነባል፤ አባት ሰውን ያነባል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ሻጭ አያታልልም። ሁለተኛው፤ ትራክተሩን ከገዛችሁ በኋላ አንድ ደብተር ይዘጋጅለት። የተለወጠው ዕቃ፣ ቀኑ፣ ያወጣው ገንዘብ፣ የሠራው መካኒክና የገባው ዕቃ ቁጥር በደብተሩ ይጻፍ። ደብተሩን የሚይዝ የሚጽፍ ልጅ በየቤቱ አለ። ነገ ትራክተሩ ሲሸጥ ደብተሩ ከትራክተሩ ጋር ይሂድ። የዛሬ ገዢ የነገ ሻጭ መሆኑ አይቀርምና፤ እኛ እንዲነገረን የምንፈልገውን እውነት እኛም ልንናገረው ይገባል።

ለጓደኞቻችንም የምንለው አለን። በክፍል ውስጥ ስለ ኢንችና ሚሊሜትር፣ ስለ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ፣ ስለ ብረት መቅለጥና ስለ ቀን አቈጣጠር ስንማር፤ «ይህ ለተልተሌ ምን ይጠቅማል?» የሚል ሐሳብ በልባችን ይመላለስ ይሆናል። ዛሬ ከቆጠርናቸው ምስክሮች ውስጥ በክፍል ካልተማርነው ትምህርት የወጣ አንድም የለም። ትምህርቱ ከደብተር ወጥቶ በቡሎን ራስ ላይ ሲነበብ የአንድ ቤተ ሰብ ጊደር ከመባከን ይድናል። የእርሻ ክበባችንም አሮጌ ትራክተር ለመግዛት የሚያስብ ማንኛውም ወላጅ ቢጠራን ቁልፍና ደብተር ይዘን ለመምጣት ዝግጁ ነን።

አምላክ ዝናቡን በጊዜው ይስጠን፤ ትምህርት ቤታችንንም ያሳድግልን።